ለሁለቱም ወገን የጻፉት አቶ እንግዳ

አቶ እንግዳ ወርቅአገኘሁ ራፖር ጸሐፊ ናቸው። ነፋስ ስልክ፣ ከወረዳው ጽሕፈት ቤት አጥር ሥር፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ አጠገብ ጃንጥላ ዘርግተው፣ አንድ የፕላስቲክ ጠረጴዛና አንድ አግዳሚ ወንበር ይዘው ሃያ ስድስት ዓመት ጽፈዋል። አጥሩ የፈረሰበትም፣ ጎረቤቱ የፍሳሽ መውረጃውን ወደ ደጁ ያዞረበትም፣ ፋይሉ የጠፋበትም ወደ ቢሮው ከመግባቱ በፊት እሳቸው ፊት ይቀመጣል። እሳቸው ጉዳዩን ይሰማሉ፣ መነጽራቸውን ይጠርጋሉ፣ ከዚያ «ጉዳዩ፦» ብለው ይጀምራሉ። በቁጣ እየተንቀጠቀጠ የመጣው ሰው ሲነበብለት ራሱ በራሱ በደል ይደነቃል። «እንዲህ ነው እንዴ የተበደልኩት?» ያለ ሰው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ወረፋው ሳሳ። ቢሮው የታተመ ቅጽ ማደል ጀመረ። ቅጹ ላይ ለስም፣ ለስልክ፣ ለቤት ቁጥር ሰፊ ቦታ አለ፤ ለበደል የተተወው ሁለት መስመር ነው። አቶ እንግዳ በሁለት መስመር ሰላምታ እንኳ አልጨርስም ይሉ ነበር። አብዛኛውን ቀን ጃንጥላቸው ሥር ጋዜጣ እያነበቡ፣ የጋዜጣውን የፊደል ስህተት በቀይ እስክሪብቶ እያረሙ ይውሉ ጀመር።

ሴና የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። ሴና የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ናት፤ ለቡ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ በቴሌግራም መጋረጃና አልጋ ልብስ ትሸጣለች። ሱቅ የላትም። ያላት ስልክ፣ ዕቃ የምትሰቅልበት አንድ ነጭ ግድግዳና ብዙ ትዕግሥት ነው። አንዲት ደንበኛ የሳሎን መጋረጃ ወስዳ፣ የልጇን ምርቃት ደግሳበት፣ በሦስተኛው ቀን «ቀለሙ አልተስማማኝም» ብላ በሞተረኛ መልሳላታለች። ሴና መክሰስ ፈልጋ ነበር። አቶ እንግዳ ለየትኛው ቢሮ እንደምታስገባ ቢጠይቋት ቢሮ የላትም። ስለዚህ «ለሚመለከተው ሁሉ» ብለው ጻፉላት።

«ጉዳዩ፦ ከድግስ መልስ የተመለሰ መጋረጃን ይመለከታል። ከላይ በርዕሱ እንደተጠቀሰው፣ መጋረጃው ከእኛ ዘንድ ንጹሕ ሆኖ የወጣ ሲሆን፣ በዶሮ ወጥ ተመርቆ ተመልሷል።»

ሴና ይህን ከመጋረጃው ፎቶ ጋር ቻናሏ ላይ ለጠፈችው። በማግስቱ የደንበኛዋ ባል ራሱ መጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ መጋረጃውን ይዞ ሄደ። የቻናሉ ተከታይ በአንድ ሳምንት እጥፍ ሆነ። ሴና ተመልሳ መጥታ ለደንበኞቿም መልስ እንዲጽፉላት አቶ እንግዳን ለመነቻቸው።

የኦንላይን ነጋዴ ዋጋ ሲጠየቅ «ኢንቦክስ» ብሎ ዝም እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን። አቶ እንግዳ ግን «የተከበሩ ደንበኛችን፣ የመጋረጃውን ዋጋ እንድናሳውቅዎ በዛሬው ዕለት በጻፉልን አጭር መልእክት መጠየቅዎ ይታወሳል» ብለው ነበር የሚጀምሩት። ሲነጋ ታክሲ ተጋፍቶ፣ ሲረፍድ ቢሮ ሄዶ «ነገ ተመለስ» ተብሎ የዋለ ሰው «የተከበሩ» ሲባል መስኮት ባይኖረውም መጋረጃ ይገዛል። አንድ የፉሪ ሰው የአንድ አልጋ ልብስ ዋጋ ሦስት ጊዜ ጠይቋል፤ ሦስቴም በክብር ተመልሶለታል።

ከሴና ቀጥሎ የመጣው ሃምዛ ነበር። ሃምዛ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎሚስታ ነው። የባለቤቱ ጓደኛ ባል በፌስቡክ ለሚስቱ ልደት ረጅም ነገር ጽፎ ኖሮ፣ የሃምዛ ባለቤት ሁለት ቀን አኩርፋዋለች። እሱ በልደቷ ቀን ጫማ ገዝቶላታል፣ ምሳም ጋብዟታል፤ ሰው ያላየው ነገር ግን አልተቆጠረለትም። አቶ እንግዳ አዳመጡት፣ «ባለትዳርነታችን ከተመሠረተበት ጊዜ አንሥቶ ላሳየሽኝ የማያቋርጥ ትጋት» የሚል ገጽ ተኩል ጻፉለት፤ ሃምዛ በቅባት ጣቱ ፊደል በፊደል ወደ ስልኩ ገለበጠው። ሚስቱ አለቀሰች አሉ። በወሩ የመንገዱ ባል ሁሉ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተሰልፎ ነበር። እኔም ሄጃለሁ፤ አልደብቅም። ባለቤቴ አንብባ ስትጨርስ «ይሄ የሃምዛ ነው፤ ስሙን ብቻ ነው የቀየርከው» አለችኝ።

እስከዚህ ድረስ ማንም አልተጎዳም። ነገሩ የተበላሸው በትሩፋትና በማኑሄ ነው።

ትሩፋት አንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል የምትሠራ የአርባ ስምንት ዓመት ሴት ናት። ማኑሄ የታናሽ ወንድሟ የኤልያቄም ሚስት ናት። ሁለቱም ከአባት በተወረሰ አንድ ግቢ ይኖራሉ፤ ትሩፋት በፊተኛው ቤት፣ ማኑሄና ኤልያቄም በኋለኛው። አሥራ አንድ ዓመት አብረው ሲኖሩ ብዙ ጊዜ ተጣልተዋል። ጠቡ ከሁለት ቀን አልፎ አያውቅም። በሦስተኛው ቀን አንዷ የሌላዋን በር አንኳኩታ ሽንኩርት ትጠይቃለች፤ ሽንኩርቱ ይሰጣል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል።

ባለፈው ጥር ሁለቱም፣ አንዷ የሌላዋን ሳታውቅ፣ ከሴና ቻናል አንድ ዓይነት መጋረጃ ገዙ። ትሩፋት ሳሎኗን አሣምራ ፎቶ አንሥታ ፌስቡክ ላይ ለጠፈች። ማኑሄ ከሥሩ ኮመንት ጻፈች፦ «ያምራል እትዬ። እኛ ቤት ከተሰቀለ እንኳ ሳምንቱ።» ማኑሄ እስከ ዛሬ ክፋት አላሰብኩም ትላለች። ትሩፋት ግን ኮረጅሽ መባሏን በሰው ፊት አነበበች። በአፍ ተብሎ ቢሆን ሽንኩርት ይበቃው ነበር። ይሄን ግን ሠላሳ ስምንት ሰው ላይክ አድርጎታል፤ ሠላሳ ስምንት ሰው ያየውን ነገር በአንድ ራስ ሽንኩርት መፍታት አይቻልም።

ትሩፋት ወደ አቶ እንግዳ ሄደች። «ጉዳዩ፦ ቀድሞ የተሰቀለ መጋረጃን ይመለከታል» የሚል ሰባት አንቀጽ ጻፉላት። በማግስቱ ማኑሄ ወደ አቶ እንግዳ ሄደች። ለእሷም ጻፉላት፤ ስምንት አንቀጽ።

ነገሩ ለአቶ እንግዳ አዲስ አልነበረም። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ ጠዋት ለከሳሽ፣ ከሰዓት ለተከሳሽ ጽፈዋል፤ ከመሐል ሁለቱንም አንብቦ የሚወስን አንድ ሹም ስለነበረ ነገሩ አንድ ቦታ ይቆማል። እዚህ ግን መሐል ላይ ያለው ተመልካች ብቻ ነው። ተመልካች ደግሞ አይወስንም፤ «ቀጥሉ» ነው የሚለው።

ስለዚህ ቀጠሉ። ትሩፋት ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ትመጣለች፤ ማኑሄ ከሰዓት በኋላ ገበያ ስትወጣ፤ አንዷ የሌላዋን መምጣት አታውቅም። ሁለቱም ወረቀታቸውን ይዘው ሄደው ወደ ስልካቸው ይገለብጣሉ። ከጽሑፎቹ መጨረሻ እንደ ደንቡ «ግልባጭ፦ ለእድራችን፤ ለንስሐ አባታችን፤ ለመላው ጓደኞቼ» የሚል ይታከልበታል። ሰፈሩ ጠዋት የትሩፋትን፣ ማታ የማኑሄን እያነበበ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ሴና ማስታወቂያ የማታውቅ ልጅ አይደለችም፤ ያንኑ መጋረጃ «የትሩፋት ሞዴል» እና «የማኑሄ ሞዴል» ብላ በሁለት ፎቶ ለጠፈችው። ሰው ጨርቁ አንድ መሆኑን እያወቀ ስሙን እየመረጠ ገዛ። አንድ ሰው የየትኛዋ ወገን እንደሆነ ለማወቅ በመስኮቱ ሥር ማለፍ በቂ ሆነ። መወሰን ያቃታቸው አልጋ ልብስ ሰቀሉ።

ኤልያቄም ምሳውን ከእህቱ፣ እራቱን ከሚስቱ ጋር እየበላ የሁለቱንም ጽሑፍ ላይክ ሲያደርግ ቆየ። በመጨረሻ ሁለቱም በአንድ ቀን ምን ማለቱ እንደሆነ ስለጠየቁት ስልኬ ውሃ ውስጥ ገባ አለ። ስልኩ ደረቅ እንደነበር እኔ አውቃለሁ።

አራት ወር እንዲህ ሆነ። ሁለቱ ሴቶች በአንድ በር እየገቡ፣ ከአንድ ቧንቧ እየቀዱ አይነጋገሩም። አንድ ቀን ትሩፋት ለአቶ እንግዳ የዛሬው ለስለስ ይበል፣ ይብቃን የሚል ይሁን ብላ ነገረቻቸው። ለስለስ አድርገው ጻፉ። ከመጨረሻው መስመር ሲደርሱ ግን እጃቸው አልታዘዝ አለና «አለማወቅ ራሱ ቅጣት ነውና ይቅርታ አድርጌልሻለሁ» ብለው ዘጉት። ትሩፋት ቸኩላ ስለነበር ሳታስተውል ገለበጠችው። ከዚያ የባሰ እሳት ነደደ። አቶ እንግዳ ማኑሄ ለዚህ ምን ትመልስ ይሆን ብለው በጉጉት ሲያስቡ ይውሉ ነበር፤ መልሱን የሚጽፉት እሳቸው መሆናቸው ትዝ የሚላቸው እስክሪብቶውን ሲያነሱ ነው። ይህን ኋላ ላይ ራሳቸው ነግረውኛል።

በግንቦት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ቀን፣ አቶ እንግዳ ከሰዓት በኋላ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው። ጊዜ ለመቆጠብ ጠዋት ሁለቱንም በአንድ ቁጭታ ጻፉ፤ የትሩፋትን ጥቃትና የማኑሄን መልስ። ትሩፋት የራሷን ወስዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የስልኳ ፓኬጅ አልቆ ስለነበር ከሥራ ስትወጣ ሞልታ ልትለጥፈው ነው። ማኑሄ ያን ዕለት ሳትጠበቅ በአራት ሰዓት መጣች። አቶ እንግዳ «መልስዎ ተዘጋጅቷል» ብለው ሰጧት፤ ለየትኛው ነገር መልስ እንደሆነ አልጠየቀችም። እዚያው ቆማ ገልብጣ ለጠፈችው።

ትሩፋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፓኬጅ ሞልታ ስልኳን ስትከፍት የማኑሄን ጽሑፍ አገኘች። «በተራ ቁጥር ሦስት ስለ ድስቱ የተጠቀሰው ፍጹም ከእውነት የራቀ ነው» ይላል። የድስቱን ቂም የሚያውቁት እሷና እግዜር ናቸው። ከስድስት ዓመት በፊት ማኑሄ ድስት ተውሳ ያለ ክዳኑ መልሳላታለች፤ ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ዛሬ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ለአቶ እንግዳ ብቻ ነግራለች። ቦርሳዋን ከፈተች። ወረቀቱ እንደታጠፈ አለ። ተራ ቁጥር ሦስት፣ ድስቱ።

ከፊተኛው ቤት እስከ ኋለኛው አሥራ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ትሩፋት ያንን በአራት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ተራመደችው። ማኑሄ ግቢው ውስጥ ልብስ እየጨመቀች ነበር።

«ማኑሄ፣ ስለ ድስቱ ማን ነገረሽ?»

«አንቺ አይደለሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ገና አልለጠፍኩም። ይኸው፣ ቦርሳዬ ውስጥ ነው ያለው።»

ማኑሄ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወረቀቱን ተቀበለችና አየችው። ከዚያ ወደ ቤት ገብታ የራሷን ወረቀቶች ይዛ ወጣች፤ አንዱንም አልጣለችም ነበር። ትሩፋትም የራሷን አመጣች። ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ዘረጓቸው። አንድ ዓይነት ባለ ካሬ ወረቀት፣ አንድ ሰማያዊ ቀለም፣ አንድ እጅ። ኤልያቄም ከሥራ ሲገባ ሁለቱን አብረው አጎንብሰው ቢያይ ሰው የሞተ መስሎት ነበር።

«‹በሰው ዓይን የምትኖር ሴት› ያልሽኝስ?» አለች ማኑሄ።

«እኔ እንዲህ ማለት ከየት አመጣለሁ?» አለች ትሩፋት። «እኔ የተናደድኩት ያን ቀን ብቻ ነበር።»

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ አንድ ላይ መጥተው አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት መታወቂያ አስገልብጬ እየወጣሁ ስለነበር ከዚህ በኋላ ያለውን በዓይኔ አይቻለሁ። አቶ እንግዳ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩ ገባቸው፤ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ማመልከቻ ልናስጽፍ ነው» አለች ማኑሄ።

«በማን ላይ?»

«በአንድ ራፖር ጸሐፊ ላይ።»

አቶ እንግዳ ወረቀት አወጡ። ስሙን ጠየቁ፤ ነገሯቸው፤ ጻፉት። ድርጊቱ የተፈጸመበትን ጊዜ፣ የምስክሮችን ብዛት ጠየቁ። ምስክር የሚለው ላይ ትሩፋት የፌስቡክ ጓደኞቿን ቁጥር ሰጠቻቸው። ከዚያ አቀርቅረው ያለማቋረጥ ጻፉ። ሁለት ገጽ ሲሞላ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ሰማ። ብዙ ነገራቸውን ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አልሰማሁም። በእድሜያቸው፣ በሽበታቸው፣ በሙያቸው እየገቡ ራሳቸውን አንድ በአንድ አፈረሱት። «ሁለት ቤተሰብ በሚያቃጥል ጠብ የራሱን ስም ያሞቀ ሽማግሌ» የሚል ነበረበት። ሲያነቡት ድምፃቸው ላይ እርካታ ይሰማ ነበር።

ትሩፋት ፊቷ ተለወጠ። «ጋሼ እንግዳ፣ ይሄኛው በዛ። ይህን ያህልስ አልበደሉንም» አለች። ማኑሄም ባለቤታቸው ወይዘሮ ዝማሬ ቢያዩት ምን ይሰማቸዋል፣ ሽማግሌ የሚለውን እንኳ ያውጡልን አለቻቸው።

አቶ እንግዳ እምቢ አሉ። አንዲት ቃል ከወጣች ዐረፍተ ነገሩ ያነክሳል አሉ።

ማኑሄ ትንሽ አየቻቸው። «እንዲህ ነው ያደረጉን» አለች። «እኛ ይብቃን ስንል እርስዎ ያነክሳል ይላሉ።»

እስክሪብቶውን አስቀመጡ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አዩ፤ ሴቶቹንም አዩ።

«አጥፍቻለሁ» አሉ።

ሁለቱ ቀሪውን ጠበቁ፤ አቶ እንግዳ አንድ ነገር ሲጀምሩ ቢያንስ ገጽ ተኩል መሆኑን ለምደዋል። ሌላ ግን አልመጣም። ትሩፋት ማመልከቻውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ሁለቱም ተነሥተው ሄዱ። የትም አልተለጠፈም።

በዚህ በጣም ያዘነው ተመልካቹ ነው። ለሦስት ሳምንት ያህል ሰው ከድሮው ጽሑፍ ሥር «ምነው ጠፋችሁ?»፣ «በሰላም ነው?» እያለ ሲጠይቅ ነበር። አንዱ ማኑሄ ውጭ ሄዳለች አለ፤ ሌላው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ስለተያዘ ነው አለ። ታርቀዋል ብሎ የጠረጠረ አንድም ሰው አልነበረም። ሴቶቹ እርግጥ በሰኔ ዝናብ በጎርፍ መውረጃው ተጣልተው ግቢው እስኪናጋ ተጯጩኸዋል። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አልቋል።

አቶ እንግዳ ካርቶን ላይ «የቤተሰብ ጠብ አንጽፍም» ብለው ጽፈው ጃንጥላው ላይ አንጠለጠሉ። ያን ጊዜ ነው ከደንበኞቻቸው ስንቱ ለጠብ ይመጣ እንደነበር የታወቀው። የሴና መጋረጃም ቀዘቀዘ፤ ተጣይ የሌለበት ጨርቅ ማን ይገዛል። እሷም የጫማ መደርደሪያ መሸጥ ጀመረች።

ነሐሴ ላይ ሴና ስልኳ ላይ መልስ የሚጽፍ ፕሮግራም ጫነች። እንቅልፍ የለውም፣ ቀጠሮ የለውም፣ ሁሉንም «የተከበሩ» ይላል። አንድ ቀን አቶ እንግዳ ስልክ ላይ መልእክት ገባ፦ «የተከበሩ አቶ እንግዳ፣ እስካሁን ስለሰጡን አገልግሎት እናመሰግናለን። አገልግሎትዎ ከዛሬ ጀምሮ የተቋረጠ መሆኑን በደስታ እንገልጻለን። ወደፊትም ከእኛ መግዛትዎን ይቀጥሉ።»

ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ባለ ካሬ ወረቀት አውጥተው በእጃቸው ገለበጡት፣ ስህተቱን በቀይ አረሙት፣ «በደስታ» የሚለውን ሰረዙት፣ ጃንጥላቸውን አጣጥፈው የለቡ ታክሲ ተሳፈሩ። ኮንዶሚኒየሙ ዘንድ ወርደው እየጠየቁ አራተኛ ፎቅ ወጡ። ሴና በሩን ስትከፍት ክው አለች። ዓመት ሙሉ አብረው ሲሠሩ ቤቷን አይተውት አያውቁም። በካርቶን የታሰረ የጫማ መደርደሪያ እስከ ጣሪያ ተቆልሏል፤ የሚቀመጡበት ቦታ ለማስለቀቅ ሦስቱን ወደ ኮሪደር ማውጣት ነበረባት።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያንን እኔ አይደለሁም የጻፍኩት።»

«አውቃለሁ ልጄ። የስንብት ደብዳቤ ግን ቁጥርና ቀን ያስፈልገዋል።»

ሴና እስክሪብቶ ብትፈልግ ቤቱ ውስጥ አንድም የለም። አቶ እንግዳ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። ቀኑ ስንት እንደሆነ ጠይቃ ጻፈች፤ በቁጥሩ ቦታ አንድ ብላ ሞላች፤ ፈረመች። እሳቸውም መረከባቸውን ፈርመው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ውጭ ዝናቡ ስለጠነከረ ሻይ አፈላች። እዚያ እንደተቀመጡ ነው ስለ አባቷ ስለ ኦቦ ቱሉ የሰሙት። እነዚህ ፎቆች ያሉበት መሬት የኦቦ ቱሉ ጤፍ ማሳ ነበር። አሁን ፉሪ ሁለት ላም እያረቡ ይኖራሉ፤ ልጃቸው መንግሥት ቤት የምትሠራ ይመስላቸዋል። አቶ እንግዳ ለምን እውነቱን እንደማትነግራቸው ጠየቋት። ሴና ደንበኞቿን ማነጋገር ብታውቅም አባቷን ግን ከየት ጀምራ እንደምታነጋግር እንደማታውቅ ነገረቻቸው። አቶ እንግዳ ልጻፍልሽ ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ሻያቸውን ጠጡ።

ዝናቡ ሲያባራ ሴና አራት ፎቅ አብራቸው ወርዳ እስከ ታክሲው ሸኘቻቸው።